ከሳንቃ በር እስከ ራስ ደጀን፦ ሰባት ቀን በሰሜን ተራሮች

ወደ ራስ ደጀን ለመሄድ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የጫፉን ከፍታ ነው። እግር የሚፈትነው ግን ጫፉ ሳይሆን መሸሃ ወንዝ ነው። ከቧሂት ማለፊያ፣ ከ4,200 ሜትር፣ ተነስቶ 2,800 ሜትር ድረስ ይወረዳል። ከዚያ 3,200 ላይ ወዳለው አምቢቆ መንደር ይወጣል። በማግስቱ የራስ ደጀን ጫፍ፣ 4,550፣ ተደርሶ ይመለሳል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ያው ገደል ወደ ላይ። ከቧሂት ወዲህ ካለው የድንኳን ቦታ፣ ከጨነቅ፣ ተነስቶ ጨነቅ እስኪመለስ በሦስት ቀን ውስጥ የሚወጣው ዳገት ብቻ ሲደመር ከ3,700 ሜትር ያልፋል። እነዚህን ቁጥሮች አስቀድሞ ያወቀ ሰው ጉልበቱን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አያባክንም።

ይህ ማስታወሻ የአራት ተጓዦች ነው። አስጎብኚው፣ ስካውቱ (መሣሪያ ይዞ የሚያጅበው ጠባቂ)፣ አብሳዩና ሁለቱ ባለ በቅሎዎች ሲጨመሩ ዘጠኝ ሰው ሆነናል።

ህዳር 1፣ ሰኞ፦ ደባርቅ

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው። ወለቃ፣ አምባ ጊዮርጊስና ዳባት ይታለፋሉ። ህዳር ሲጠባ የወገራ ገብስ ታጭዶ አውድማ ላይ በሬ ይዞርበታል፤ ከመኪና ወርዶ ለማየት ግማሽ ሰዓት መመደብ አይጎዳም። ወለቃ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩባት የነበረች መንደር ናት። ከእስራኤል የሚመጡ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ እዚያ ስለሚቆሙ ከእነሱ ጋር የሚጓዝ ሰው ሰዓቱን ቀድሞ ያስላ።

ደባርቅ 2,850 ሜትር ላይ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሳንባው በ2,300 እና በ2,500 መካከል ስለለመደ ግማሹን ሥራ ቤቱ ጨርሶ ነው የሚመጣው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦን የሚወጣማ ከመጀመሪያው የድንኳን ቦታ፣ ከሳንቃ በር፣ ከፍታ ጋር ከወዲሁ ተዋውቋል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በቀጥታ የመጣ ዘመድ ካለ ግን ጎንደር ሁለት ሌሊት፣ ደባርቅ አንድ ሌሊት ማደር አለበት። ይህን ዘልሎ በደረሰበት ማግስት 3,600 ሜትር ላይ ግጭ ያደረ ሰው እመት ጎጎ የተባለውን ጫፍ ሳያይ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ከተማ ውስጥ ነው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀየር ብሩን እዚህ መጻፍ ትርጉም የለውም፤ የማይቀየረው አቆጣጠሩ ነው። መግቢያውም የድንኳን ቦታውም በቀን ይታሰባል። አስጎብኚ፣ አብሳይ፣ በቅሎና ባለ በቅሎ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በቀን ይከፈላቸዋል። መሣሪያ የያዘ ስካውት መውሰድ ግዴታ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው የመመለሻውን ቀን ነው፦ ጉዞው ጨነቅ ወይም ጭሮ ለባ መንደር ቢያልቅም በቅሎዎቹ ባዶ ጀርባቸውን ደባርቅ እስኪደርሱ ይከፈልላቸዋል። የእኛ 6 የእግር ቀን ሲሆን የበቅሎው ሂሳብ 8 ቀን ነው። ይህን ሰኞ ማታ ተነጋግሮ መጻፍ እሑድ ማታ ደክሞ ከመከራከር ያድናል። ደረሰኙን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዞ መሄድም ያስፈልጋል፤ በር ላይ ይጠየቃል።

አንድ በቅሎ 40 ኪሎ ገደማ ቢጫንበት ይበቃዋል። ለዘጠኝ ሰው ሦስት የጭነት በቅሎ ተይዞ አራተኛዋ ኮርቻ ተደርጎላት ባዶዋን ሄደች። ባዶ በቅሎ ብክነት ትመስላለች። አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ቢያዞር ግን እስከ መኪና መንገድ የምታደርሰው እሷ ብቻ ናት።

ስለ ስንቅ ይህን ያህል። 3,600 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ አተር ክክና ባቄላ እሳት ላይ ሁለት ሰዓት ቢቀመጡም ጥርስ ስር ይቆማሉ፤ ነዳጁ ያልቃል እንጂ እነሱ አይበስሉም። ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ መኮሮኒና ቅንጬ ግን አያሳፍሩም። ከሁሉ የሚበልጠው ድርቆሽ ነው። ቀላል ነው፣ አይሻግትም፣ በርበሬና ዘይት ባለው ፈላ ውኃ አምስት ደቂቃ ውስጥ ፍርፍር ይሆናል። ለአንድ ሰው ለአንድ እራት 150 ግራም ይበቃል። ለመንገድ ደግሞ በሶ፦ በቀን ለሰው 100 ግራም፣ ግማሹ በጨው፣ ግማሹ በማር። ቆሎው ላይ ኦቾሎኒ ይብዛ፣ ሽምብራው ይቀነስ፤ ጠጣር ሽምብራ በብርድ ጥርስ ይሰብራል። ለላምባ ምድጃው በቀን አንድ ሊትር ታስቦ 7 ሊትር ተያዘ፤ ግማሽ ሊትር ተርፎ ተመልሷል።

ስካውትና ባለ በቅሎ የራሳቸውን ስንቅ ይይዛሉ ይባላል። የሚይዙት ግን ቆሎና ዳቦ ነው፤ ድስቱን ለዘጠኝ ሰው አስቦ መጣድ የግድ ነው። እስከ ህዳር 5 ጽጌን የሚጾሙ ስላሉ፣ ረቡዕና ዓርብም ስለሚጨመሩ፣ ቅቤና ሥጋ የነካው ድስት ተለይቶ እንዲያዝ ለአብሳዩ ተነገረው።

ህዳር 2፣ ማክሰኞ፦ ከቡይት ራስ ሳንቃ በር

በቅሎዎቹ ከደባርቅ ሌሊቱን ተነስተው በአቋራጭ ወደ ሳንቃ በር ሄዱ። እኛ እስከ ቡይት ራስ በመኪና። መንገዱ ፒስታ ነው፤ አቧራው መስኮት ተዘግቶም ይገባል።

ከቡይት ራስ ሳንቃ በር በገደሉ አፋፍ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ከፍታው 3,200 አካባቢ ስለሆነ ዳገት የሚባል የለውም። ጭላዳዎች የሚገኙት እዚሁ ነው፤ አንዳንዴ መንጋው ከመቶ በላይ ይሆናል። ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ የጣታቸውን ፍጥነት ልብ ብሎ ያየ ሰው የባለ ሱቅ ብር ቆጠራ ትዝ ይለዋል። ሰው አይፈሩም፣ አይተናኮሉምም። ምግብ መስጠት ግን አይፈቀድም፤ አንዴ ዳቦ የቀመሰ ጭላዳ ድንኳን መፈተሽ ይጀምራል። ሲመሽ ሁሉም ወደ ገደሉ ወርደው እርከን ላይ ያድራሉ። ነብርና ጅብ እዚያ አይደርስባቸውም።

ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ነው። ግራና ቀኙ ገደል ሆኖ መሐሉ እንደ በር የጠበበ ስለሆነ ስሙ ያስኬዳል። ድንኳን የሚተከለው ከአፋፉ ራቅ ብሎ፣ የአስታው ዛፍ ነፋስ የሚከለክልበት ጋ ነው። ሜዳው መሐል ያለው ለስላሳ ሣር ያታልላል። ብርዱ ሌሊት ተንከባሎ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ጠዋት ድንኳኑ በውስጥም በውጭም ጤዛ ለብሶ ይገኛል። መስኮቱን በአንድ ጣት ያህል ክፍት መተው የውስጡን እርጥበት ይቀንሳል።

ህዳር 3፣ ረቡዕ፦ ከሳንቃ በር ግጭ

ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ ነው። የጅንባር ፏፏቴን ለማየት ከዋናው መንገድ ወጥቶ ጠባብ የመሬት ጉብታ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ውኃው ወደ 500 ሜትር ይወርዳል። በህዳር ቀጭን ነው፤ በነሐሴ የሚያገሳው ያህል አይደለም። ጉም ከታች ስለሚነሳ ከ4 ሰዓት በፊት መድረስ ይሻላል፣ ከዚያ በኋላ የሚታየው ነጭ ብቻ ነው።

ከፏፏቴው በኋላ ወደ ጅንባር ወንዝ ቁልቁል ነው። የመጀመሪያው እክል የተፈጠረው እዚህ ነው፤ የአንዱ ተጓዥ ጫማ ሶል ከተረከዙ ተገንጥሎ ወረደ። ጫማው የታወቀ፣ ውድ፣ ለዓይን አዲስ የሚመስል ነበር። ለአራት ዓመት ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አልተለበሰም። ምክንያቱም ያ ነው። በሶሉና በላዩ መካከል ያለው ስፖንጅ መሰል ክፍል ሳይለበስ ሲቀመጥ ከአየሩ እርጥበት ጋር ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ ደረቀ አይብ ይፈረፈራል። ማስቲሽ አይይዘውም፣ የሚይዘው ነገር የለውምና።

ባለ በቅሎው ያደረገው ይህ ነው። የጭነት ሲባጎ ሁለት ሜትር ቆረጠ። አንዱን ዙር ከጣቶቹ ኋላ፣ ሁለተኛውን በመሐል እግር፣ ሦስተኛውን ከተረከዙ ፊት አዞረና ቋጠሮውን ሁሉ ከላይ፣ ከማሰሪያው ጋር አደረገው። ቋጠሮ ከሥር ከሆነ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ድንጋይ ይበላዋል። ሲባጎው ዕለት ዕለት እየተቀየረ ጫማው አምቢቆ ደርሶ ተመልሷል። ያደረገለት ሰው ራሱ ኮንጎ ጫማ ነበር ያደረገው። ከጉዞ በፊት ያለው መፍትሔ ግን ርካሽ ነው፦ ደባርቅ ላይ ጫማ ሰፊ ጋ ሄዶ ሶሉን ዙሪያውን በወፍራም ክር ማስመታት። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

ከወንዙ ወደ ግጭ ያለው ዳገት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። መንደሩ የነበረበት ቦታ ላይ የቤቶቹ ድንጋይ ቀርቷል፤ ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዘዋውረዋል። ከዚያ በላይ ጓሳ ሣር ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በዚህ አካባቢ ሰንብቶ የነደደውን እሳት ጥቁር የአስታ ግንዶች ያስታውሳሉ። ጓሳው ቶሎ አቆጠቆጠ፣ አስታው ገና ነው።

ግጭ 3,600 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት ሦስቱ ደህና አደሩ። ከባሕር ጠረፍ የመጣው አራተኛው ራስ ምታት ያዘው፣ እራትም አስጠላው። ራስ ምታት ብቻውን አያስፈራም፤ ውኃ፣ ዕረፍት፣ ተራ የራስ ምታት ክኒን። በማግስቱ እዚያው ከፍታ ላይ ሆኖ ካልቀለለ ወደ ላይ አይሄድም። ሰውዬው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ ወይም ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረውና ካሳለው ግን ጠዋትን መጠበቅ የለም፤ በዚያው ሌሊት በኮርቻዋ በቅሎ ወደ ታች ነው። ዲያሞክስ የሚባለውን የከፍታ ሕመም መድኃኒት መውሰድ የሚፈልግ ከመነሳቱ በፊት ሐኪም ያማክር። አረቄ ብርድ ያስለቅቃል የሚለው ምክር ግጭ ላይ አይሠራም፤ እንቅልፍም ያበላሻል፣ ራስ ምታቱንም ከሌላ ራስ ምታት ጋር ያደባልቃል።

የዚህ መስመር ደግነቱ ግጭና ጨነቅ እኩል ከፍታ ላይ መሆናቸው ነው። ሰውነት ሁለት ሌሊት 3,600 ላይ ያድርና ከዚያ አምቢቆ፣ 3,200 ላይ ዝቅ ብሎ ይተኛል። በመኪና በቀጥታ ጨነቅ ገብቶ በማግስቱ ወደ ራስ ደጀን የሚነሳ ቡድን ይህን ሁሉ ይዘልላል።

ህዳር 4፣ ሐሙስ፦ እመት ጎጎ፣ እናትዬ፣ ጨነቅ

ከሰባቱ ቀን አንዱን ብቻ ምረጥ ለሚባል ሰው ይህ ነው ቀኑ።

ከግጭ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቶ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ እመት ጎጎ ይደረሳል፤ 3,926 ሜትር። በሦስት በኩል ገደል ነው። ከታች ያሉት አምባዎች ሰው የጠረባቸው ይመስላሉ። ድንጋዩ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ ቅልጥ ዓለት የተነጠፈ ነው፤ ገደሉ ላይ የሚታዩት አግዳሚ መስመሮች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፍሳሽ ናቸው። ከጫፉ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ መቀመጥ ነው። ነፋሱ በድንገት ስለሚገፋ ጀርባ ላይ ያለ ትልቅ ቦርሳ እንደ ሸራ ይነፋል።

ከዚያ ወደ ጅንባር መነሻ ወርዶ ወደ እናትዬ፣ 4,070 ሜትር፣ ረጅም ዳገት አለ። ጅብራ የተባለው ተክል በዝቶ የሚታየው በዚህ ነው። ቅጠሉ መሬት ላይ እንደ ትልቅ ጎመን ተከምሮ ዓመታት ይቆይና አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ የሆነ ግንድ አውጥቶ ያብባል፤ ከዚያ ይሞታል። የቆሙት ግራጫ ደረቅ ግንዶች የሞቱት ናቸው። ለማገዶ የሚመኛቸው ሰው አይጠፋም፣ ግን በፓርኩ ውስጥ እንጨት መልቀም ክልክል ነው።

እናትዬ ላይ ምሳ አይበላም። ነፋሱ የበሶ ዱቄቱን ከጎድጓዳ ሳህኑ ያነሳል። አሥር ደቂቃ ወረድ ብሎ ድንጋይ ጥግ መያዝ ነው። እዚያም ሌላ ሌባ አለ፣ ወፍራም መንቆር ያለው የተራራው ቁራ። አንዱ ሲያዘናጋ ሌላው ከጀርባ ይመጣል። የአብሳዩን ግማሽ ዳቦ እንዲሁ ወሰዱ።

በመንገድ ሦስተኛዋ በቅሎ ጭነቷን ጣለች። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጠዋት ላይ ባዶ ጀሪካኖቹ በአንድ በኩል፣ ሽሮውና ድንኳኑ በሌላ በኩል ታስረዋል። ጭነት በክብደት እኩል ካልተከፈለ ቁልቁለት ላይ ወደ ከባዱ ይዞራል፣ በቅሎዋም ሆዷ ስር የመጣውን ነገር ትረግጣለች። የተሰበረው 24 እንቁላል ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቁላል በጤፍ ጆንያ ውስጥ ተቀብሮ መጓዝ ጀመረ፤ ጤፉ ይከላከልለታል፣ ጤፉም አይጎዳም።

ጨነቅ፣ 3,620 ሜትር፣ ሲገባ 10 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሁሉ ተደምሮ ከስምንት ሰዓት በላይ። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ በጀሪካኑ አፍ ያለው ውኃ በረዶ ያዘ። ስልክ፣ ካሜራና የግንባር ባትሪ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ፣ እግር ጋ መተኛት አለባቸው፤ ብርድ ላይ የዋለ ባትሪ ጠዋት 60 በመቶ ያሳይና አንድ ፎቶ ሲነሳበት ይጠፋል። ጋቢ ለድንኳን ውጭ ግሩም ነው፣ ለመንገድ ግን አይደለም፤ አንዴ ከረጠበ ሁለት ቀን አይደርቅም።

ህዳር 5፣ ዓርብ፦ ከጨነቅ አምቢቆ

ዋልያ ለማየት ከጨነቅ ጥቂት ወጣ ብሎ ገደሉን በማለዳ መቃኘት ነው። መጀመሪያ የሚታየው ቀንዱ ነው። አምስት ወንድ ዋልያዎች ከመንገዱ 80 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ነበሩ። ፓርኩ በፈረንጆች 1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሲሆን አንዱ ምክንያት ይህ እንስሳ ነው፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲገባና በ2017 ሲወጣም ጉዳዩ በአብዛኛው የእሱ ነበር።

የቧሂት ማለፊያ ከጨነቅ ሁለት ሰዓት ዳገት ነው። መኪና መንገዱም በዚያው ያልፋል። የቧሂትን ጫፍ፣ 4,430 ገደማ፣ ለመውጣት የሚፈልግ ከማለፊያው አንድ ሰዓት ይጨምራል፤ ግን ዛሬ ሳይሆን በመመለሻው፣ ያውም እግር ከተረፈ።

ከማለፊያው ወዲያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። እስከ ጭሮ ለባ 900 ሜትር፣ ከዚያ እስከ መሸሃ 500 ሜትር። ድንጋዩ ልቅ ጠጠር ነው፤ ተረከዝ ቀድሞ ሲረግጥ ይንሸራተታል። ረጅም እርምጃ ጉልበት ይበላል። አጭር እርምጃ፣ ጉልበት በጥቂቱ የታጠፈ፣ ዱላው ከእግር አንድ እርምጃ ቀድሞ። ሁለት ዱላ ከአንድ ይሻላል፤ አንድ ብቻ ያለው ሁልጊዜ በታመመው ጉልበት ተቃራኒ እጅ ይያዘው። የጫማ ክር ከቁልቁለቱ በፊት ጠበቅ ብሎ ይታሰራል፤ አለበለዚያ ጣት ፊት ፊቱን ሲመታ ውሎ ማታ ጥፍሩ ይጠቁራል። ከአራታችን ሁለቱ ይህን የተማሩት በጥፍራቸው ነው።

ጭሮ ለባ ላይ ሻይ፣ ዳቦና ባትሪ ድንጋይ ይገኛል። ሻዩ ከደባርቅ ቢወደድ አያስገርምም፤ ስኳሩ ቧሂትን ተሻግሮ ነው የመጣው። ዓርብ ስለነበር ያለው ምግብ ሽሮ ብቻ ነው። የገብስ እንጀራው ከአዲስ አበባው የጤፍ እንጀራ ወፈር ይላል፣ ይሻክራል፣ ግን ለስድስት ሰዓት ሆድ ይይዛል።

መሸሃ ላይ ሙቀቱ ያስደነግጣል፤ ጠዋት ሹራብ ደርቦ የወጣ ሰው እዚያ በካናቴራ ነው። ውኃው ከጉልበት በታች ነበር። በክረምት ግን ይህ ወንዝ ያግዳል። ቀጥሎ ወደ አምቢቆ 400 ሜትር ዳገት አለ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ። ዳገቱ ወደ ምዕራብ የዞረ ስለሆነ የከሰዓቱ ፀሐይ ሙሉውን ያገኘዋል። ለዚህ ክፍል ለሰው ሁለት ሊትር ውኃ ከጭሮ ለባ መያዝ አለበት። መሸሃ ላይ ተቀድቶ ሳይፈላ የሚጠጣ ውኃ የራስ ደጀንን ቀን ከድንኳን ጀርባ ያሳልፋል።

ህዳር 6፣ ቅዳሜ፦ ራስ ደጀን

ቁስቋም ነው ዛሬ። ባለ በቅሎዎቹ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ በቅሎዎቹ ወደ ሣር፣ ተጓዦቹ ወደ ላይ።

መነሻ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል። ከአምቢቆ እስከ ጫፉ 1,350 ሜትር ነው። በሰዓት 300 ሜትር መውጣት ጥሩ ፍጥነት ነው፤ እየሄዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልተቻለ ፍጥነቱ በዝቷል። ጨለማው ውስጥ መንገዱ በምዝማ መንደር አጠገብ ያልፋል፤ ውሾቹ ቀድመው ያውቃሉ። ስካውቱ ከፊት ቢሄድ ይመረጣል፣ ድምፁን ያውቁታል። 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ከፊት ስትወጣ ከፍታው 4,000 አልፏል፤ ጣቶች የሚደነዝዙትም ያኔ ነው።

ከሩቅ ሲታይ ሦስት ጫፍ አለ፤ ሁሉም እኩል ይመስላሉ። ትክክለኛው የቱ ነው የሚለው ክርክር በየቡድኑ ይነሳል። የስልክ ጂፒኤስ ከፍታ ላይ አሥርና ከዚያ በላይ ሜትር ስለሚሳሳት ዳኛ አይሆንም፤ አስጎብኚውን ማመን ነው። የመጨረሻዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃዎች በእጅም በእግርም ድንጋይ መቧጠጥ ናቸው። ገመድ አያስፈልግም፣ ዱላዎቹ ግን ከሥር ይቀመጣሉ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ፤ ከላይ ያለው የሚያንከባልለው ጠጠር ከታች ላለው ነውና።

ጫፉ ላይ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ተደረሰ። በትምህርት ቤት 4,620 ብለን የሸመደድነው ቁጥር በኋላ በተደረጉ ልኬቶች ወደ 4,550 ወርዷል። የሁለት ፈረንሳውያን መኮንኖች፣ የፌሬና የጋሊኒዬ፣ መውጣት በፈረንጆች 1841 ተመዝግቧል። ከእነሱ በፊት የወጣ እረኛ ስሙ አልተጻፈም፤ እኛ በደረስንበት ጠዋትም ከጫፉ ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ ልጅ ፍየሎቹን ይዞ ተቀምጦ ነበር።

መውረጃው ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከወረዱ በኋላ ጠቦት ለመግዛት አስጎብኚው ዋጋውን ይነጋገር፤ ተጓዡ ራቅ ይበል። ገዝቶ ከመውጣት ወርዶ መግዛት ይሻላል፣ 4,500 ላይ የሄደ ሆድ ሥጋ የሚጠይቀው ሲወርድ ነው። እንጨቱ ከመንደሩ ተገዛ። ጽጌን የጾሙት ሁለቱ ባለ በቅሎዎች የፈሰኩት በዚያ ጠቦት ነው፤ ጠላውን ያመጡት እነሱ ናቸው።

ህዳር 7፣ እሑድ፦ ከአምቢቆ ወደ ኋላ

በመመለሻው ደግሞ ዳገቱ ወደ ምሥራቅ የዞረ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ የእሱ ናት። ሁለቱንም ቀን ፀሐይ ከዳገቱ ጋር ወግናለች ማለት ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ መሸሃን 12 ሰዓት ተኩል መሻገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጭሮ ለባ 4 ሰዓት ላይ ተደረሰ።

ስምምነቱ መኪናው 5 ሰዓት ላይ ጭሮ ለባ እንዲጠብቅ ነበር። 6 ሰዓት ሆነ፤ ኔትወርክ የለም። ምርጫው ሁለት ነው፦ መጠበቅ ወይም 900 ሜትሩን መውጣት። በዚህ መንገድ ላይ የዘገየ መኪና የሚገኘው ከላይ እንጂ ከታች አይደለምና መውጣት ተመረጠ። ከአራታችን ጉልበቱ ያበጠው አንዱ በኮርቻዋ በቅሎ ወጣ፤ አራተኛዋ በቅሎ የስድስት ቀን ኪራይዋን በሦስት ሰዓት መለሰች።

መኪናው 9 ሰዓት ላይ ማለፊያው ጋ ተገኘ። ሁለት ጎማ ፈንድቷል፣ መለዋወጫው አንድ ነው። የቧሂት መንገድ ጠጠሩ ስለታም ስለሆነ ጎማው የሚቀደደው በጎኑ ነው፤ በጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ አይለጠፍም። ሾፌሩ ሁለተኛውን ከሚያልፍ አይሱዙ ተውሶ ገጥሞ ነበር። መኪና ለዚህ መስመር ሲከራይ መለዋወጫ ጎማው ሁለት መሆኑን፣ ክሪኩም የሚሠራ መሆኑን ደባርቅ ላይ፣ መሬት ላይ አስወርዶ ማየት ነው። "አለ" የሚለው መልስ አይበቃም።

ደባርቅ የተገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። በቅሎዎቹ ጨነቅ አደሩ። ሁለት ኪሎ በሶ፣ አንድ ጀሪካንና የቀረው ሲባጎ ለባለ በቅሎዎቹ ተሰጠ፤ ማክሰኞ ከሰዓት ባዶ በቅሎዎቻቸውን ይዘው ከተማ ሲገቡ የስምንተኛው ቀን ሂሳብ ተዘጋ።